አዞ ለአርጃኖ ይቀርባል ወይስ ለዶሮ? የጥንት ገበሎ አስተኔዎችን በምን መንገድ እንመድብ

ሦስት እንስሳት ውሰዱ፦ በዓባይ በረሃ ያለውን አዞ፣ ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን አርጃኖ፣ ጓሮ የምትጭረውን ዶሮ። ከሦስቱ ይበልጥ የሚዛመዱት የትኞቹ ሁለቱ ናቸው? ክፍል ውስጥ ብትጠይቁ አብዛኛው ተማሪ «አዞና አርጃኖ» ይላል። የመማሪያ መጽሐፉም ይደግፈዋል፤ ሁለቱ ገበሎ አስተኔ ሲባሉ ዶሮ ከአዕዋፍ ትመደባለች። ዘር ተቆጥሮ ሲታይ ግን አዞ ለዶሮ ይቀርባል። የአዞና የዶሮ የጋራ ቅድመ አያት ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ሲሆን፣ አርጃኖ ከሁለቱ ጋር የሚገናኘው ከዚያም ወደ ኋላ ርቆ ነው።

ሁለቱ መልሶች የተለያዩት አንዱ አጥንቱን በደንብ ስላላየ አይደለም። የተለያየው መመደቢያው ነው። ስለዚህ ለሳይንስ ክበብ የግድግዳ ገበታ የሚሠራ መምህርም ሆነ ለልጆቹ የጥንት እንስሳትን የሚያስረዳ ወላጅ፣ «የትኞቹን እንስሳት ላስገባ» ከማለቱ በፊት «በምን ልመድባቸው» ብሎ መወሰን አለበት። አራት መንገዶች አሉ። እነሱን ካነጻጸርን በኋላ ብዙ ሰው ስማቸውን የማያውቃቸውን የጥንት ገበሎ አስተኔዎች እናማርጣለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመልክና በአኗኗር

«ውኃ ውስጥ የሚኖሩ፣ የሚበሩ፣ በምድር የሚሄዱ» እያሉ መክፈል ለአንደኛ ክፍል ልጆች ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ከዚያ አልፎ አይሄድም። ተመሳሳይ ኑሮ ተመሳሳይ ገላ ያበጃልና። ኢክቲዮሰር የሚባለው የጥንት የባሕር እንስሳ ሲታይ ዶልፊን ነው፣ የጀርባ ክንፉም የጅራቱም ቅርጽ የባሕር ነው፣ ልጁንም እንቁላል ሳይጥል ይወልድ ነበር፤ ሆኖም ገበሎ አስተኔ እንጂ አጥቢ አይደለም። «ዳይኖሰር» ተብሎ በከረጢት በሚሸጠው የፕላስቲክ መጫወቻ ውስጥ ዲሜትሮዶን (ጀርባው ላይ ሸራ ያለው፣ የአጥቢዎች መስመር የጥንት ዘመድ)፣ ቴሮሰር (በራሪው) እና ፕሊዚዮሰር (ባለ መቅዘፊያ እግር የባሕር አውሬ) ተቀላቅለው የሚገኙት በዚሁ መንገድ ስለተመደቡ ነው። ሦስቱም ዳይኖሰር አይደሉም።

በማዕረግ

ይህ ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ «ሲስቴማ ናቱሬ» በሚባለው መጽሐፉ በ1735 የጀመረው መንገድ ነው። በ1758 የወጣው 10ኛው እትም ለእንስሳት ሳይንሳዊ ስም መነሻ ተደርጎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከላይ ወደ ታች ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ ይባላል። ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች እንደማለት ነው፤ ማን ከማን በላይ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ጥቅሙ ለመያዝ መቅለሉ ነው። ፈተና የሚወጣውም በእሱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ማዕረጉን የሚሰጠው ሰው መሆኑ ላይ ነው። አንዱን ቡድን መደብ፣ ሌላውን አስተኔ የሚያደርግ መለኪያ አጥንት ውስጥ ተጽፎ አይገኝም፤ ስለዚህ የአንዱ አስተኔ ስፋት ከሌላው አስተኔ ስፋት ጋር አይመዘንም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለመሸጋገሪያ እንስሳት ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። ዲሜትሮዶንን «አጥቢ መሰል ገበሎ አስተኔ» የሚል የማያስቀምጥ የማያስነሣ ስም ያሸከመው ይኸው መንገድ ነው።

በአማርኛ ስንጽፍ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። «ገበሎ አስተኔ» የምንለው በማዕረጉ መደብ ነው፤ «አስተኔ» የሚለው ቃል ግን ለብቻው ሲቆም ከመደብ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ማዕረግ ነው። ተማሪ «ገበሎ አስተኔ የትኛው ማዕረግ ነው?» ሲባል «አስተኔ» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም፤ ስሙ ነው ያሳሳተው። ገበታው ላይ «መደብ፦ ገበሎ አስተኔ» ብሎ አንድ ጊዜ በግልጽ መጻፍ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው፤ የወገኑና የዝርያው። በላቲን ፊደል ወገኑ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለቱም ዘንበል ተደርገው ይጻፋሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ከሥራቸው አስምሩባቸው። አጻጻፉንም ከመጀመሪያው ወስኑ። አንዱ ካርድ ላይ «ታኒስትሮፊየስ»፣ ሌላው ላይ «ታኒስትሮፌዎስ» ከተባለ ተማሪው ሁለት እንስሳ ያለ ይመስለዋል።

በራስ ቅል ቀዳዳ

ሁለት ጣታችሁን ከዓይናችሁ ጎን፣ ከጉንጫችሁ አጥንት ከፍ ብሎ አሳርፉና ቆሎ ቆርጥሙ። ከጣታችሁ ሥር ውጥር ርግብ የሚል ጡንቻ ይሰማችኋል። ያ ጡንቻ በጉንጩ አጥንት ሥር ሾልኮ የታችኛው መንጋጋ ላይ ይያያዛል። የሚሾልክበት ክፍተት ከዓይን ጉድጓድ ኋላ ያለው ቀዳዳ ነው፤ በእኛ ራስ ቅል ላይ በየጎኑ አንድ። ዲሜትሮዶንም በየጎኑ ያለው አንድ ነው። አዞና ዳይኖሰር ሁለት ሁለት አላቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ኤሊ ምንም የለውም። ሄንሪ ኦዝቦርን በ1903 አንድ ቀዳዳና ሁለት ቀዳዳ ብሎ ታላላቅ ክፍሎችን ያወጣው ይህን ቆጥሮ ነው።

የራስ ቅል ሥዕል ወይም ፎቶ ይዞ «ይህ የየትኛው ወገን ነው?» ለሚል ሰው ከዚህ የፈጠነ መንገድ የለም። ግን ቆጠራው አራት ቦታ ላይ ያሳስታል። እንሽላሊት የታችኛው ቀዳዳው ከሥር ያለው ዘንግ ጠፍቶ ተከፍቷል፤ በእባብ የላይኛውም ዘንግ የለም፤ በወፍ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ከዓይን ጉድጓዱ ጋር ተዋህደዋል። ሦስቱም ግን የሁለት ቀዳዳ ዘር ናቸው። አራተኛው የባሕሮቹ ነገር ነው። ኢክቲዮሰርና ፕሊዚዮሰር የላይኛው ብቻ ስላላቸው ቀድሞ ለብቻቸው አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው ነበር፤ ዛሬ ያ ክፍል ቀርቷል፣ የታችኛውን ያጡ የሁለት ቀዳዳ ዘሮች ተብለው ይታያሉና። አሮጌ መጽሐፍ ላይ አራት ክፍል ካገኛችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

በዘር ቆጠራ

የጎጃምን የርስት ሥርዓት ከአያቶቹ የሰማ ሰው ለዚህ መንገድ እንግዳ አይሆንም። ርስት ጠያቂው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ዋናው አባት ላይ ከደረሰ ድርሻ አለው። ቢጠቁር ቢቀላ፣ አርሶ ቢያድር ወይም አገር ለቆ ቢነግድ፣ ቆጠራው ካደረሰው ይደርሰዋል። «አንተ እኛን አትመስልም» ተብሎ አይከለከልም።

ጀርመናዊው ቪሊ ሄኒሽ በ1950 ያሳተመው መንገድ ለእንስሳት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ትክክለኛ ቡድን ማለት አንድ የጋራ ቅድመ አያትና ከእሱ የወረዱት ሁሉ ማለት ነው፤ ማንም አይቀነስም። ወፎች ከዳይኖሰር ወርደዋል። ክንፍ አወጡ፣ ጥርሳቸውን ጣሉ፣ ደማቸው ሞቀ፤ ከቆጠራው ግን አያወጣቸውም። ስለዚህ አዞን፣ እንሽላሊትንና ዳይኖሰርን አንድ ቡድን ካልን ወፍም አብራ ትገባለች። ወፍን ማስወጣት ከተማ የገባውን የልጅ ልጅ ርስት መንሳት ነው። ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታም አለ፦ ሰው ሁለት ወላጅ ስላለው በብዙ መስመር ይቆጥራል፣ የዝርያ ዘር ግን ብዙውን ጊዜ ይከፈላል እንጂ ተመልሶ አይጋባም። ይህን ሳትናገሩ ምሳሌውን ብቻ ከሰጣችሁ ተማሪው «አዞ በእናቱ በኩል አሳ ሊሆን ይችላል?» ብሎ ያፋጥጣችኋል።

ቆጠራው የሚካሄደው በጋራ አዲስ ምልክት ነው። «አዲስ» የሚለውን ቃል አጥብቁበት። አምስት ጣት መኖር ሰውንና እንሽላሊትን አያቀራርብም፤ ሁለቱም ከጥንት የወረሱት አሮጌ ምልክት ነውና። አዲስ ምልክት ምን እንደሚመስል ለማሳየት ደግሞ የበዓል ዶሮ ይበቃል። ዶሮዋ 12 ብልት ሆና ከተገነጠለች በኋላ ከጭኑ የተላቀቀውን የዳሌ አጥንት አትጣሉት። ቀቅላችሁ ሥጋውን አንሡና በብርሃን አንጻር ያዙት። የጭኑ አጥንት ራስ የሚገባበት ጉድጓድ ወለል የለውም፤ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ከበግ ዳሌ ጋር አስተያዩት፤ የበጉ እንደ ስኒ ወለል አለው። ይህ ክፍት የዳሌ ጉድጓድ የዳይኖሰሮች መለያ ነው፣ ዶሮም ከእነሱ ወርሳዋለች። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። በደንብ ካልተቀቀለ ጉድጓዱን የሚደፍነው ስስ ሽፋን ሳይለቅ ይቀርና ወለል ያለ ያስመስላል። ቢላዋ ሲያርፍበት ደግሞ ጠርዙ ይሰበርና የሌለ ቀዳዳ ይከፈታል። ስለዚህ ግራና ቀኙን ሁለቱንም ተመልከቱ፤ እውነተኛው ቀዳዳ በሁለቱም በኩል ጠርዙ ለስላሳ ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ለፈተና ለሚዘጋጅ ተማሪ በማዕረግ። አታዋዙበት፤ መጽሐፉ አምስት የአከርካሪ እንስሳት ክፍል ካለ አምስት ነው። የራስ ቅል ሥዕል ለመለየት የቀዳዳው ቆጠራ። ለግድግዳ ገበታና ለጥንት እንስሳት ግን ያለ ማመንታት ዘር ቆጠራ። የጠፉ እንስሳት አብዛኞቹ የማዕረጉ ሳጥኖች መሃል ነው የሚወድቁት፤ በሳጥን ለማስቀመጥ ስትሞክሩ ግማሾቹ ውጭ ይቀራሉ።

ማዕረጉንም ጨርሶ አትጣሉት፤ በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ በትንሽ ጽሑፍ ይግባ። የማይቻለው ሁለቱን በአንድ ሥዕል ማጋጨት ነው። ብዙ ገበታ ላይ የሚታየው ስህተት ይኸው ነው፦ አሳ፣ ከእሱ እንቁራሪት፣ ከእሱ እንሽላሊት፣ ከእሱ ወፍ፣ ከእሱ አጥቢ፣ ጫፉ ላይ ሰው። ይህ መሰላል እንጂ ዛፍ አይደለም። የእኛ መስመርና የገበሎ አስተኔዎች መስመር ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ተለያይተዋል፤ እንሽላሊት ያጎታችን ልጅ እንጂ አያታችን አይደለም።

የትኞቹ እንስሳት ይግቡ?

ቲራኖሰረስን ሁሉም ያውቀዋል። ገበታው ላይ አንድ ቦታ ይበቃዋል፣ ለማመሳከሪያ። ቀሪው ቦታ እያንዳንዳቸው አንድ ስህተት ለሚያርሙ እንስሳት ይሁን። ከ10 ካርድ በላይ አታብዙ፤ ሲበዛ መስመሮቹ ይጠላለፋሉ፣ አንባቢውም ሥዕል ብቻ አይቶ ያልፋል።

የመጀመሪያው ምርጫ ታኒስትሮፊየስ ነው። ከ242 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዛሬው የስዊዘርላንድና የጣሊያን ድንበር ሞንቴ ሳን ጆርጆ በሚባለው ቦታ፣ ባሕር ዳርቻ ይኖር ነበር። ትልቁ ዝርያ እስከ 5 ወይም 6 ሜትር ይረዝማል፤ የዚያ ግማሽ ያህሉ አንገት ነው። በዚያ ሁሉ አንገት ውስጥ ያሉት አከርካሪዎች 13 ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው እጅግ የረዘሙና ውስጣቸው ክፍት። ታሪኩ ለምደባ ትምህርት የተፈጠረ ይመስላል። በ1886 ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ባሳኒ ረጃጅሞቹን አጥንቶች የቴሮሰር የክንፍ ጣት ናቸው ብሎ ሌላ ስም ሰጣቸው። ክንፍ የተባለው አንገት መሆኑ የታወቀው በኋላ ሙሉ አጽም ሲገኝ ነው። በ2020 ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተዘጋ። 1.5 ሜትር የሚሆኑት ትናንሾቹ የትልቆቹ ግልገል ናቸው ይባል ነበር፤ አጥንታቸው ተቆርጦ የእድገት ቀለበቱ ሲቆጠር አዋቂዎች ሆነው ተገኙ። ጥርሳቸውም ከትልቆቹ የተለየ ነበርና ትልቁ ታኒስትሮፊየስ ሃይድሮይደስ ተብሎ ለብቻው ዝርያ ሆነ። መጠን ብቻውን ዝርያን አይለይም፤ አጥንቱ ተከፍቶ ዕድሜው መታየት አለበት።

ሁለተኛው ጥንድ ነው፦ ፋይቶሰርና አዞ። ጎን ለጎን ካልተሳሉ ማንም አይለያቸውም። ረጅም አፍ፣ ጋሻ የለበሰ ጀርባ፣ ውኃ ውስጥ አድፍጦ መጠበቅ። መለያው የአፍንጫ ቀዳዳ ነው። የአዞ በአፉ ጫፍ ላይ ነው፤ የፋይቶሰር ወደ ኋላ ሸሽቶ ከዓይኑ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ፋይቶሰሮች ከ201 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍተዋል፤ አዞ የወጣው ከእነሱ አይደለም። ስማቸው ራሱ ስህተት ነው፤ «የተክል ገበሎ» እንደማለት ነው። ስሙ በ1828 ሲወጣ በመንጋጋው የጥርስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የደረቀው ጭቃ የሣር በል ጥርስ ተደርጎ ታየ። ስም አወጣጡ ላይ ቀዳሚነት ስለሚከበር ስህተቱ ታውቆም ስሙ ቀረ። ሥዕል ስትስሉ ቀዳዳውን በቀይ አክብቡት፤ ያ ካልተደረገ ካርዱ «ሁለት አዞ» ብቻ ነው።

ኤፊጂያ ለተቃራኒው ትሆናለች። በሁለት እግር የምትሄድ፣ ጥርስ የሌላት፣ ዓይነ ትልቅ፤ ያየ ሁሉ ሰጎን መሰል ዳይኖሰር ይላታል። ቁርጭምጭሚቷ ግን የአዞ ወገን ነው። አጽሟ ያለበት ድንጋይ በ1947 እና 1948 ከኒው ሜክሲኮ ጎስት ራንች ተቆፍሮ ኒው ዮርክ ሙዚየም ገባ፤ ተከፍቶ ስም የወጣላት በ2006 ነው። ሰጎን መሰሎቹ ዳይኖሰሮች ከመምጣታቸው ብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቀድማ ያንኑ ገላ ይዛ ነበር።

ከአፍሪካ ሦስት ይግቡ፤ ሌላ አህጉር ብቻ ሞልቶ የሚሰቀል ገበታ ለእኛ ልጆች ምን ይላቸዋል? ቴሊዮክራተር ከደቡብ ታንዛኒያ ነው። አጥንቱ መጀመሪያ የተሰበሰበው በ1933 ሲሆን በወጉ የተሰየመው በ2017 ነው። ወደ ወፎች በሚወስደው መስመር መነሻ ላይ ያለ እንስሳ ሆኖ ሳለ በአራት እግሩ ይሄዳል፣ ቁርጭምጭሚቱም እንደ አዞ ይዞራል። ስለዚህ ያ ቁርጭምጭሚት ከአዞም ከወፍም በፊት የነበረ አሮጌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከላይ «አዲስ» የሚለውን አጥብቁ ያልነው ለዚህ ነው። ሲሞሱከስ ከማዳጋስካር ነው፤ 75 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ አፈ አጭር፣ በየብስ የሚሄድ፣ ጥርሱ ቅጠል መሰል፣ ተክል በል የአዞ ዘመድ። «አዞ ማለት ረጅም አፍ ያለው ሥጋ በል» ለሚል ሰው ይኸው። ቡኖስቴጎስ ከኒጀር ነው፤ ከ260 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ፣ ራሱ ላይ እባጭ የሞላበት ሣር በል። ቦታ ከጠበበ ከሦስቱ የሚቀረው እሱ ነው።

ሞሳሰር ለጣና ዳር ልጆች ይጠቅማል። የኋለኛው የዳይኖሰር ዘመን የባሕር አውሬ ሆኖ ሳለ ዘመዶቹ አርጃኖና እባብ ናቸው፤ ከሁለቱ ለየትኛው ይበልጥ እንደሚቀርብ ክርክሩ አልተዘጋም። ላንቃው ላይ እንደ እባብ ሁለተኛ ረድፍ ጥርስ አለው። ዲሜትሮዶንን ደግሞ «ገበሎ አስተኔ አይደለም» ለማለት አስገቡት። የቀረው ሁሉ ሄኖደስ፣ ቻምፕሶሰረስ፣ ድሬፓኖሰር ጥሩ ነው፤ ለሁለተኛ ገበታ ይቆይ። አቶፖደንታተስ የሚባለውን የባሕር ገበሎ አስተኔ የምትፈልጉ ከ2016 በኋላ የተሳለ ሥዕል ብቻ ተጠቀሙ። በ2014 ሲሰየም አፉ ወደ ታች የታጠፈና መሃሉ የተሰነጠቀ ተደርጎ ተስሎ ነበር፤ የተሻለ ራስ ቅል ሲገኝ ግን አፉ እንደ መዶሻ ራስ ወደ ጎን የሰፋ ሆነ።

ሲባጎና ቀርከሃ

ገበታው ላይ ከሳላችሁት የዘር ዛፍ ሥር የዘመን ገመድ ዘርጉ። 3 ሜትር የማይለጠጥ ሲባጎ በቂ ነው፤ 1 ሴንቲ ሜትር 1 ሚሊዮን ዓመት ነው። ቀኝ ጫፉ ዛሬ ይሁን። ዲሜትሮዶን ከ295 እስከ 272 ሴንቲ ሜትር፣ አብዛኛው ዝርያ የጠፋበት ታላቁ እልቂት 252፣ ቴሊዮክራተር 245፣ ታኒስትሮፊየስ 242፣ ኤፊጂያ 205፣ ሲሞሱከስ 70፣ ቲራኖሰረስ ከ68 እስከ 66፣ የዳይኖሰሮች መጥፊያ 66 ላይ። የዘመናችን ሰው 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ በብዕር አንድ ጭረት። ዲሜትሮዶን ከቲራኖሰረስ የሚርቀው ቲራኖሰረስ ከእኛ ከሚርቀው ሦስት እጥፍ እንደሆነ ገመዱ ራሱ ይናገራል። ሲለካ እያንዳንዱን ምልክት ከዛሬው ጫፍ ጀምራችሁ ለኩ። ካለፈው ምልክት እየቀጠላችሁ ከለካችሁ የአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ስህተት እየተጠራቀመ ወደ ግራው ጫፍ ስትደርሱ አንድ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይሆናል። ገመዱም ተወጥሮ እያለ ይለካ፤ ረግቦ የተለካ ሲሰቀል ይረዝማል።

የታኒስትሮፊየስን አንገት በግማሽ መጠን መሥራት ለሚፈልግ የእንጅባራ አካባቢ ቀርከሃ የታዘዘ ነው። የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፣ ልክ እንደዚያ እንስሳ አከርካሪ፤ የቆላው ድፍን ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። በጥላ በደንብ የደረቀ ምረጡ፤ እርጥቡ ከተቆረጠ በኋላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጥሩ መጋዝ ከአንጓዎቹ መሃል 9 ቁራጭ ባለ 13 ሴንቲ ሜትር፣ 4 ቁራጭ ባለ 8 ሴንቲ ሜትር አውጡ፤ ድምሩ 149 ሴንቲ ሜትር፣ 13 አከርካሪ ይሆናል። አጫጭሮቹን ሁለቱን ከራስ በኩል፣ ሁለቱን ከትከሻ በኩል አድርጋችሁ ሲባጎ አስገቡባቸው። በዚህ ብቻ ከተሰቀለ እንደ እባብ ይረግባል፣ ያ ደግሞ ውሸት ነው፤ አንገቱ ግትር ነበር። ግትር ያደረጉት ከሥሩ ተጋድመው ከአንድ መገጣጠሚያ በላይ የሚያልፉ ረጃጅም ቀጫጭን ጎድኖች ናቸው። ስለዚህ ቀርከሃውን ሰንጥቃችሁ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ስንጣሪዎች ከአንገቱ ሥር እየተደራረቡ በክር እሰሩ። ሲያዝ ካልተንቀጠቀጠ ተስተካክሏል። አንገቱ ድክመቱም ነበር፤ በ2023 የታተመ ጥናት ሁለት ታኒስትሮፊየሶች አንገታቸው በአዳኝ ተነክሶ መቆረጡን ከጥርስ ምልክቱ አሳይቷል።

ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወረድ

ገመዱን ሰቅላችሁ ስታበቁ መምህሩ ሊያሳየው የሚገባ ሌላ ገበታ አለ፤ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ። ከላይ ያለው ጥቁር ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ድንጋይ) 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ገመዱ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይና ጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ ባሕር የጣለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንጣፍ፣ ወደ ግርጌው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ከወንዙ ማዶ በሸዋ በኩል፣ ሙገር በሚባለው ጭቃ ድንጋይ ውስጥ የኋለኛው ጁራሲክ ዘመን የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። በገመዱ ላይ ወደ 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ምልክት አድርጉበት። ባዛልቱ ውስጥ ዳይኖሰር መፈለግ ድካም ነው፤ እነሱ ከጠፉ 36 ሚሊዮን ዓመት ቆይቶ የፈሰሰ ነው። ዲሜትሮዶንም ከዚያ ንጣፍ አይጠበቅም።

አጥንት የሚመስል ነገር የታየ እንደሆነ ከቦታው አታንሡት። ቅሪተ አካል በሕግ የአገር ቅርስ ነው፤ ከዚያም በላይ ከንጣፉ የተነሣ አጥንት ዕድሜውን አብሮት የሚናገርለት ድንጋይ ያጣል። ጎኑ ብዕር ወይም ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሡ፣ ከየትኛው ንጣፍ እንደሆነ ጻፉ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

ካርዶቹን ዛፉ ላይ ስትለጥፉ የኤሊዋን ካርድ በሙጫ አታጣብቁ፤ በስፒል ውጉት። ራስ ቅሏ ቀዳዳ ስለሌለው ለረጅም ጊዜ ከሁሉም ቀድማ ከግንዱ የተገነጠለች ተደርጋ ትሳል ነበር። የዘረ መል ጥናት ከአዞና ከወፍ አጠገብ አስቀመጣት። በ2015 ከጀርመን የተሰየመውና 240 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ፓፖኬሊስ ደግሞ ከዓይኑ ኋላ ሁለት ቀዳዳ ይዞ ተገኘ። ዛሬ ከአዞው አጠገብ ውጓት፤ በስፒሉና በካርዱ መሃል ትንሽ ወረቀት ካደረጋችሁ ደግሞ ሲነቀል ካርዱ አይቀደድም።